የመኖሪያ ቤት ግዥ፣ ኪራይና አስተዳደር በኢትዮጵያ

የመኖሪያ ቤት ግዥ፣ ኪራይና አስተዳደር በኢትዮጵያ በዋናነት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጆች፣ በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ (ቁጥር 370/1995) እና በ2016 ዓ.ም. በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 1320/2016) ይመራል። ቤት ለአብዛኛው ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ቁጠባ የሚወጣበት ንብረት ነው። በፍርድ ቤት ከሚታዩ የቤት ክርክሮች ብዙዎቹ የሚነሡት ደግሞ ውል ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ከነበረባቸው ጥቂት ጥያቄዎች ነው። ይህ መጣጥፍ እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ያብራራል።

## ታሪክ

እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ድረስ የከተማ ቦታና ቤት የግል ንብረት ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ሰፊው ነዋሪ በኪራይ ይኖር ነበር። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ በላይ መኖሪያ ቤት እንዳይኖረው ተከለከለ፤ የኪራይ ዋጋም ተቀነሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች በቀበሌ ሥር ሲውሉ («የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም ከዚህ የመጣ ነው) ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የዚህ ድርጅት ቤቶች ዛሬ በፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ይተዳደራሉ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቤት መሸጥ፣ መግዛትና ማከራየት ቢፈቀድም መሬት ግን በመንግሥት እጅ ቀረ። በ1986 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ (ቁጥር 80/1986) ወጣ፤ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. በወጡ አዋጆችም ተተካ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ብዙ ሰዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት ባለቤት አደረገ።

## ቤት ሲገዛ መሬቱም ይገዛል?

አይገዛም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ገዢው የሚገዛው በቦታው ላይ ያለውን ቤት ነው፤ ከቤቱ ጋር በቦታው የመጠቀም መብት ይተላለፍለታል።

ይዞታ ሁለት ዓይነት ነው፦

* ነባር ይዞታ፦ ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ፣ ዓመታዊ የቦታ ኪራይ የሚከፈልበት።
* የሊዝ ይዞታ፦ በጨረታ ወይም በምደባ ለተወሰነ ዘመን የተሰጠ። በ2004ቱ አዋጅ (ቁጥር 721/2004) የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው።

በዚሁ አዋጅ መሠረት በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ ሥሪት ይይዛል። ስለዚህ «ነባር ይዞታ ነው፣ የሊዝ ክፍያ የለበትም» የሚለው የሻጭ ወይም የደላላ ቃል ለሻጩ እውነት ሆኖ ለገዢው ላይሆን ይችላል። ቤቱ በሊዝ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈለው የሊዝ ቀሪ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው በውሉ ላይ መጻፍ ይኖርበታል።

## ሻጩ እውነተኛ ባለቤት መሆኑ እንዴት ይታወቃል?

ዋናው ማስረጃ በተለምዶ «ካርታ» የሚባለው የይዞታ ማረጋገጫ ነው። በእሱ ላይ የባለይዞታው ስም፣ የቦታው ስፋትና የይዞታው ዓይነት ይገኛሉ። ካርታውን ማየት ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሚከተሉት አብረው ይጣራሉ፦

* ዕዳና እገዳ፦ ቤቱ በባንክ ብድር መያዣነት ወይም በፍርድ ቤት እግድ ሥር አለመሆኑ ከሚመለከተው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይጠየቃል። ካርታው የሻጩ ሆኖ ቤቱ ግን በዕዳ የተያዘ ሊሆን ይችላል።
* ጋብቻ፦ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠው ሁለቱም ሲስማሙ ነው። ካርታው በአንዳቸው ስም ብቻ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ሻጩ ያላገባ ከሆነ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይቀርባል።
* ውርስ፦ ቤቱ የሟች ከሆነ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የሁሉም ወራሾች ፈቃድም መኖር አለበት።
* ቤቱና ካርታው መመሳሰላቸው፦ በግቢው ውስጥ በተጨማሪ የተሠራ ሰርቪስ ቤት ወይም ወደ ውጭ የተገፋ አጥር በካርታው ላይ ላይኖር ይችላል።

ካርታ የሌለው፣ በተለምዶ «የጨረቃ ቤት» የሚባል ቤት በዋጋ ርካሽ ቢሆንም ያለ ፈቃድ የተሠራ ስለሆነ ሊፈርስ ይችላል፤ በሚፈርስበትም ጊዜ ገዢው ካሳ የሚጠይቅበት ሰነድ በእጁ አይኖርም።

## ቀብድ ምንድን ነው?

ቀብድ አንዱ ወገን ለሌላው ውል መኖሩን ለማረጋገጥ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ስለዚህ ይደነግጋል። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ካፈረሰ ገንዘቡን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ለምሳሌ ገዢ 200,000 ብር ቀብድ ሰጥቶ ሻጩ የተሻለ ዋጋ አግኝቶ ሐሳቡን ቢለውጥ፣ የሚመልሰው 400,000 ብር ይሆናል።

ሆኖም ቀብድ ከቅድሚያ ክፍያ ይለያል። በደረሰኙ ወይም በውሉ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ካልተጻፈ ገንዘቡ የዋጋው የመጀመሪያ ክፍል ነው ተብሎ ሊከራከሩበት ይቻላል። ዋናው የሽያጭ ውል ሕጉ የሚጠይቀውን ሥርዓት ሳያሟላ ሲቀርም የቀብዱ ስምምነት አብሮ ለክርክር ይጋለጣል። በመሆኑም ከፍተኛ ገንዘብ ለቀብድ ከመስጠት በፊት የካርታውን ማጣራት መጨረስ ይመረጣል።

## በመንደር የተጻፈ የሽያጭ ውል ይጸናል?

በርካታ ሰዎች በሽማግሌዎችና በምስክሮች ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻውን በቂ ይመስላቸዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። በአንቀጽ 1720 መሠረት ደግሞ በሕግ የታዘዘው ሥርዓት ያልተሟላለት ስምምነት እንደ ውል ሳይሆን እንደ ረቂቅ ይቆጠራል።

ይህ ማለት የቤት ዋጋ በሚንርበት ዘመን ሻጩ ከዓመታት በኋላ «ውሉ አልተመዘገበምና ገንዘብህን ተቀብለህ ቤቴን መልስልኝ» ብሎ ሊከስ ይችላል። ገዢው የሚመለስለት በዚያን ጊዜ የከፈለው ገንዘብ ቢሆን፣ በዚያ ገንዘብ ተመሳሳይ ቤት ማግኘት አይችልም። አደጋውን ለማስቀረት ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ቢሮ ይፈረማል። ከዚያም የቴምብር ቀረጥና ሌሎች የዝውውር ክፍያዎች ተከፍለው በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ስም ይዞራል። የባለቤትነት ዝውውሩ የሚጠናቀቀው ስሙ በመዝገብ ሲዞር እንጂ ቁልፍ ሲሰጥ አይደለም።

ደላላው ገዢና ሻጭን የሚያገናኝ እንጂ ለባለቤትነቱ ዋስ የሚሆን ሰው አይደለም። ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ይጠቅማል።

## በውጭ አገር የሚኖር ሰው መግዛት ይችላል?

ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን የያዘ ሰው የትም ቢኖር መግዛት ይችላል። የሌላ አገር ዜግነት የወሰዱ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው መታወቂያ («ቢጫ ካርድ») ካላቸው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ይፈቀድላቸዋል።

በዋሽንግተን፣ በዱባይ ወይም በቴል አቪቭ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ግዥውን የሚፈጽሙት በዘመድ በኩል በውክልና ነው። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተፈርሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ በአገር ውስጥ ይመዘገባል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «ማንኛውንም ጉዳይ ይፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ወካዩ ሲሞትም ውክልናው በመርህ ደረጃ ያበቃል። ከወኪል የሚገዛ ሰው ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ያጣራል፦ ውክልናው መሸጥን በግልጽ ይጠቅሳል ወይ? አልተሻረም ወይ? ወካዩ በሕይወት አለ ወይ?

## ኮንዶሚኒየም እንዴት ይገኛል?

የመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤት መርሐ ግብር 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚባሉ ሦስት ዓይነቶች ይከፈላል። የመጀመሪያው ቁጥር ገዢው አስቀድሞ የሚቆጥበው መቶኛ ሲሆን ሁለተኛው በባንክ ብድር የሚሸፈነው ነው። በአዲስ አበባ ታላላቅ ምዝገባዎች በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ተካሂደዋል፤ ቤቱም በዕጣ ይሰጣል። በዕጣ የተገኘ ቤት ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ገደብ የተጣለበት ስለሆነ፣ ይህ ጊዜ ሳያልቅ የሚደረግ «በውክልና እገዛሃለሁ» የሚል ስምምነት ለገዢው አስተማማኝ አይደለም።

## አከራይ በፈለገው ጊዜ ኪራይ መጨመር ይችላል?

ከ2016 ዓ.ም. በፊት የግል ቤት ኪራይ በአብዛኛው በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ይወሰን ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ተከራይ ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ለጊዜው ታግዶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቋሚ ሥርዓት አምጥቷል። አዋጁ ሥራ ላይ በዋለባቸው ከተሞች ዋና ዋናዎቹ ድንጋጌዎች እነዚህ ናቸው፦

* ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥም በተቆጣጣሪው አካል ይመዘገባል።
* ዝቅተኛው የውል ዘመን ሁለት ዓመት ነው።
* ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው።
* ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ወርኃዊ ኪራዩ 10,000 ብር ከሆነ አከራዩ ሊጠይቅ የሚችለው ከፍተኛ ቅድሚያ 20,000 ብር ነው።
* ክፍያ የሚፈጸመው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው።

የመጨረሻው ድንጋጌ ለሁለቱም ወገኖች ይጠቅማል። ተከራዩ መክፈሉን፣ አከራዩም ያልተከፈለው ስንት እንደሆነ በቀላሉ ያስረዳሉ። በአንጻሩ በወረቀት ዝቅተኛ፣ በእጅ ግን ከፍ ያለ ኪራይ መስማማት ሁለቱንም ይጎዳል፤ አከራዩ በእጅ የሚከፈለውን በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቸግረዋል፣ ተከራዩም የከፈለውን ማስረዳት አይችልም።

## ጥገናውና የመብራት ክፍያው የማን ነው?

መርሁ ቀላል ነው። ጣሪያው ካፈሰሰ፣ ግድግዳው ከተሰነጠቀ ወይም ዋናው የውኃ መስመር ካረጀ ጥገናው የአከራዩ ነው። እንደ በር፣ መስኮትና ቧንቧ ያሉ አነስተኛ ጥገናዎች በውል በተከራዩ ላይ ሊጣሉ ይችላሉ፤ ዕቃው ያረጀው በዘመን ብዛት ከሆነ ግን ተከራዩ አይጠየቅም። ተከራዩ ሲገባ የበሩ፣ የመስኮቱ፣ የቧንቧውና የቀለሙ ሁኔታ በዝርዝር ተጽፎ ከተፈረመ ሲወጣ «አንተ ነህ የሰበርኸው» የሚል ክርክር አይነሣም።

ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ የመብራትና የውኃ ሒሳብ በምን እንደሚካፈል (በሰው ቁጥር ወይስ በክፍል) በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ለብቻው ቆጣሪ ባለው ቤት ደግሞ ቁጥሩ ሲገባና ሲወጣ ይመዘገባል።

## የጋራ ሕንፃ እንዴት ይተዳደራል?

በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የኮንዶሚኒየም ባለቤት ሁለት መብት አለው፤ የቤቱ የግል ባለቤት ሲሆን፣ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢውና ሌሎች የጋራ መጠቀሚያዎች ደግሞ ከሌሎች ጋር ሳይከፋፈሉ የጋራው ናቸው። ድርሻውን ከቤቱ ለይቶ መሸጥ አይችልም። የጋራው ንብረት የሚተዳደረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር በሚያወጣው ደንብ ነው፤ የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የኮሪደር መብራትና የውኃ ፓምፕ ወጪም ከመዋጮ ይሸፈናል። በብዙ ሳይቶች ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ የተሠራ የጋራ መገልገያ ሕንፃ አለ።

ቤቱን ያከራየ ባለቤት መዋጮውን ማን እንደሚከፍል ከተከራዩ ጋር ሊስማማ ይችላል፤ ማኅበሩ ግን በመጨረሻ የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው። ቤት የሚገዛ ሰውም ሻጩ ያልከፈለው መዋጮ እንዳለ ከማኅበሩ መጠየቅ ይገባዋል።

## ግብር

ከቤት ኪራይ የሚገኝ ገቢ በፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ (ቁጥር 979/2008) በሠንጠረዥ «ለ» ሥር ግብር ይከፈልበታል። መጠኑ ገቢው እየጨመረ ሲሄድ የሚያድግ ሲሆን ከፍተኛው 35 በመቶ ነው። ግብሩን የመክፈል ግዴታ የአከራዩ ነው። ከዚህ የተለየው በተለምዶ «የጣሪያና ግድግዳ» የሚባለው ዓመታዊ ግብር ደግሞ ቤቱ ቢከራይም ባይከራይም ባለቤቱ ይከፍለዋል። የዚህ ግብር ውዝፍ ስም በሚዞርበት ጊዜ ስለሚጠየቅ፣ ገዢው የመጨረሻውን የክፍያ ደረሰኝ አስቀድሞ ማየት አለበት።