የመኪና ማቀዝቀዣ ሲደክም፦ ጋዝ ከማስሞላት በፊት

ከየካ ክፍለ ከተማ በካራ በኩል ወጥቶ በለገጣፎና በሰንዳፋ ወደ ሰሜን የሚጓዝ አሽከርካሪ በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት አየር ያገኛል። ሲነሳ የእንጦጦ ብርድ አለ፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ይጠብቀዋል፤ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ጨርሶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ መስኮት መክፈት የማያስታግሰው ሙቀት ይቀበለዋል። በተለምዶ «ኤሲ» የሚባለው የመኪናው አየር ማቀዝቀዣ መበላሸቱ የሚታወቀውም ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ኤሲ በከተማዋ እንደ ቅንጦት ይቆጠራል። በርካታ ባለንብረቶች ለወራት ሳይከፍቱት ይቆያሉ፤ ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ የሚዘዋወር ስለሆነ፣ መሣሪያው ሳይሠራ ሲከርም የጎማ ማሸጊያዎቹ ይደርቃሉ፤ ጋዙም ቀስ በቀስ ማምለጫ ያገኛል። በየሳምንቱ ለአሥር ደቂቃ ያህል ማሠራት ይህን ይከላከላል። በክረምት ወራት ደግሞ ኤሲ የደኅንነት ጉዳይ ነው። አየሩን ስለሚያደርቅ ከማሞቂያው ጋር አብሮ ሲከፈት የፊት መስታወቱን የሚጋርደውን እንፋሎት በፍጥነት ያጠፋል።

አሠራሩን ለመረዳት የሸክላ እንስራን ማሰብ ይበቃል። በእንስራ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው በውጭ ገላው ላይ ያለው እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። በኤሲም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የሚተነው ነገር በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ እየተመላለሰ መሥራቱ ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው ኢቫፖሬተር ተንኖ ሙቀት ይወስዳል፤ ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ወደ ውጭ ይጥለዋል። እንግዲህ ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በብዙ ዓመታት ውስጥ ጥቂት በጎማ ቱቦዎች በኩል ሊሰርግ ይችላል፤ በወራት ውስጥ ከጎደለ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። «ጋዝ በየዓመቱ ይሞላል» የሚለው ምክር በዚህ ጸሐፊ እምነት የብዙ ሰው ገንዘብ በከንቱ አስወጥቷል።

ባለንብረቱ ወደ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት ራሱ የሚያያቸው ነገሮች አሉ። የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ሆኖ ጉልበቱ ከደከመ ችግሩ ከጋዝ ይልቅ የአየር ማጣሪያው (ፊልትሮው) መዘጋት ሊሆን ይችላል። ከእንጦጦ ባሕር ዛፎች ሥር የሚቆም መኪና ከፊት መስታወቱ ግርጌ ባለው የአየር ማስገቢያ ላይ ቅጠል ይጠራቀምበታል። ቁልፉ ሲጫን በብዙዎቹ የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ከኮምፕሬሰሩ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ካልተሰማ ፊውዝ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ወይም የጋዝ ማነስ ሊሆን ይችላል። የኮንደንሰሩ ፋን መሽከርከሩንም ማየት ይገባል። ፋኑ ካልዞረ ኤሲው በጉዞ ላይ ቀዝቅዞ በመንገድ መጨናነቅ ጊዜ ይሞቃል። ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠብ ንጹሕ ውሃ ግን ከአየሩ የወጣ እርጥበት ስለሆነ ማንንም ሊያስደነግጥ አይገባም።

በጋራዥ መካኒኩ የሚሰካው ጌጅ ብቻውን በቂ መልስ አይሰጥም። አር-134ኤ የተባለው የተለመደው ጋዝ ሞተር ጠፍቶ፣ አየሩ 20 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ 70 ፒኤስአይ አካባቢ ያሳያል። በቧንቧው ውስጥ ጥቂትም ፈሳሽ ካለ ቁጥሩ ያው ስለሆነ፣ 70 ማየት ሞልቷል ማለት አይደለም። የሚያፈስበት ቦታ በዘይት እድፍ፣ በሳሙና አረፋ፣ በሚያበራ ቀለም ወይም በናይትሮጂን ግፊት ይፈለጋል። ከተጠገነ በኋላ ቫኪዩም ፓምፕ አየርና እርጥበቱን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት መሳብ አለበት። እዚህ ላይ ከፍታችን አንድ ግራ መጋባት ይፈጥራል፦ በባሕር ጠረፍ ጌጁ ወደ 29 ኢንች ሲወርድ፣ በየካ ግን የአየሩ ግፊት ራሱ ዝቅተኛ በመሆኑ ከ22 እና 23 ኢንች ብዙም አያልፍም። በዚህ ቁጥር ብቻ «ያፈስሳል» ብሎ ሌላ ዕቃ ማስገዛት ስህተት ነው። መታየት ያለበት ፓምፑ ከቆመ በኋላ መርፌው ባለበት መርጋቱ ነው። ከዚያ ጋዙ በሚዛን ተለክቶ ይሞላል፤ መጠኑ በአብዛኛው በኮፈኑ ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ በግራም ተጽፏል።

ስለ ክፍያ ሲነሳ፣ የምርመራውን ዋጋ ከጥገናው ለይቶ አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። የዕቃው፣ የእጅ ዋጋውና የጋዙ ሒሳብ ተለያይቶ ይጻፍ፤ የተቀየረው አሮጌ ዕቃም ለባለንብረቱ ይመለስ። ኮምፕሬሰሩ ተፈጭቶ ከሆነ የብረት ብናኙ በመስመሩ ስለሚበተን፣ ቧንቧው ሳይታጠብና ድራየሩ ሳይቀየር ሌላ ኮምፕሬሰር መግጠም ወጪውን ይደግመዋል፤ ከመርካቶ የተገዛው አዲስም ሆነ ያገለገለ ቢሆን። በጋዝ ምትክ የምግብ ማብሰያ ጋዝ ለመሙላት የሚያግባባ ካለ፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር ስለሆነ እንቢ ማለት ነው።

ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በመከልከሉ በየካ ጎዳናዎች የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። የእነዚህ ኮምፕሬሰር በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ፣ የራሱ የሆነ ዘይት የሚፈልግ ነው፤ ተራው ዘይት ከገባበት የኤሌክትሪክ መከላከያው ይጎዳል። ብርቱካናማ ሽቦዎቹን ላልሠለጠነ እጅ መስጠት ሕይወትንም ያሰጋል።

የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት መኪናው በማለዳ ሳይሆን በእኩለ ቀን፣ ፀሐይ ላይ ቆሞና ሞተሩ እየሠራ ቢሞከር ይመረጣል። በየካ የማለዳ ብርድ የደከመም ኤሲ ጤነኛ ይመስላል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ይጋለጣል።