ከተማው ፈቀደ ማለት ሕጉ ፈቀደ ማለት አይደለም

አንቲትረስት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የትልልቅ ኩባንያዎች ክስ ነው። ነጋዴዎች ተመካክረው ዋጋ እንዳይቆርጡ የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ ከ1890 ጀምሮ አለ። ከተማም በዚሁ ሕግ ሊከሰስ እንደሚችል ግን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ስቴት አይነካም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በ1943 በካሊፎርኒያ የዘቢብ ገበያ ጉዳይ ወስኗል። የኮሎራዶዋ ቦልደር ከተማ አንድ የኬብል ቴሌቪዥን ድርጅት ለ3 ወር ሥራውን እንዳያስፋፋ ስታግደው ከሰሳት። ከተማዋ "ራሴን የማስተዳድር ነኝ" ብትልም በ1982 ተረታች፤ ስቴቱ በግልጽ ካልፈቀደላት ከሕጉ አታመልጥም ተባለ። በዚህ ሕግ ካሳው 3 እጥፍ ስለሚከፈል ከተሞች ደነገጡ። ኮንግረስ በ1984 የገንዘብ ካሳውን አስቀረላቸው። ዳኛ ግን ዛሬም "አቁሙ" ሊላቸው ይችላል።

እኛን በቀጥታ የነካው የሲያትሉ ነው። እዚያ ኡበርና ሊፍት ከሚነዱት ብዙዎቹ የኛና የጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው። የከተማው ምክር ቤት በ2015 ሹፌሮቹ ተደራጅተው በክፍያ እንዲደራደሩ ፈቀደ። የንግድ ምክር ቤቱ ከሰሰ። የፌደራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2018 ነገሩን ለከሳሹ አዘነበለ፤ የዋሽንግተን ስቴት ከተማዋ የታክሲን ሥራ እንድትቆጣጠር እንጂ ሹፌሮች ከኩባንያዎቹ ጋር ዋጋ እንዲስማሙ አልፈቀደም፣ ስምምነቱንም ስቴቱ ራሱ አይከታተልም አለ። ሹፌሩ ተቀጣሪ ሳይሆን "የራሱ ነጋዴ" ስለሚባል፣ ከጓደኞቹ ጋር ስለ ክፍያ መመካከሩ እንደ ነጋዴዎች ዱለታ ይታያል። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የሚውል ሰው ከዘይት ከበርቴ እኩል! እኔ ፍትሕ አልለውም፤ ሕጉ ግን እንዲህ ነው።

በኔም ከተማ የሬስቶራንት ቆሻሻ እንዲያነሳ የተፈቀደለት ድርጅት አንድ ብቻ ነው። ዋጋ በጨመረ ቁጥር ከመክፈል ሌላ ምርጫ የለኝም። ክስ ያዋጣል ወይ ብላችሁ፣ ስቴቱ ለከተማው ሥልጣኑን ከሰጠው አያዋጣም።

ስለዚህ ለመደራጀት የምታስቡ ሹፌሮች ከከተማው በፊት የስቴቱን ምክር ቤት አንኳኩ። ዋሽንግተን በ2022 ለሹፌሮች ዝቅተኛ ክፍያ በስቴት ሕግ ደነገገች። በማሳቹሴትስም መራጩ ሕዝብ በ2024 ሹፌሮች ተደራጅተው እንዲደራደሩ የሚፈቅድ ሕግ አጽድቋል፤ እዚያ የሚደረሰውን ስምምነት ስቴቱ ራሱ ይመረምረዋል።