የመካከለኛ ፎርማት ሌንስ አዳፕተር

የመካከለኛ ፎርማት ሌንስ አዳፕተር ለአንድ ዓይነት ካሜራ የተሠራ ሌንስ በሌላ ዓይነት ካሜራ ላይ እንዲገጠም የሚያስችል የብረት ቀለበት ነው። መካከለኛ ፎርማት የሚባሉት ካሜራዎች ስፋቱ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ጥቅል ፊልም (120 ፊልም) ይጠቀማሉ። ፋብሪካዎቹ ለየካሜራዎቻቸው የተለያየ መግጠሚያ ስለሠሩ የአንዱ ሌንስ በሌላው ላይ በቀጥታ አይገባም። ኪየቭ ከተማ የተሠራው ኪየቭ 60 ግን የምሥራቅ ጀርመኑን የፔንታኮን ሲክስ መግጠሚያ ስለሚጠቀም ያለ አዳፕተር ይቀበለዋል።

የርቀት ደንብ

ሌንስ ሩቅ ያለን ነገር ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ከፊልሙ በተወሰነ ርቀት ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት በየካሜራው ይለያያል፦

* ማሚያ 645፦ 63.3 ሚሊ ሜትር
* ፔንታኮን ሲክስ፦ 74.1 ሚሊ ሜትር
* ሐሰልብላድ 500ሲ፦ 74.9 ሚሊ ሜትር
* ፔንታክስ 67፦ 84.95 ሚሊ ሜትር

አዳፕተር የሚሠራው የሌንሱ ርቀት ከካሜራው ርቀት ሲበልጥ ነው፤ ቀለበቱ ልዩነቱን ይሞላል። የፔንታኮን ሲክስ ሌንስ በማሚያ 645 ላይ ሲገጠም የቀለበቱ ውፍረት 10.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሐሰልብላድ ሌንስ ለፔንታኮን ሲክስ ቢፈለግ ግን ልዩነቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጠንካራ ቀለበት ለመሥራት አይበቃም።

ደንቡ ሲገለበጥ

ከደብረ ማርቆስ አካባቢ የጮቄን ተራራ ለማንሳት፣ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ የፔንታኮን ሲክስ ሌንስ በፔንታክስ 67 ላይ ተገጠመ እንበል። ቀለበቱ ምንም ውፍረት ባይኖረው እንኳ ሌንሱ ከሚገባው በላይ 10.85 ሚሊ ሜትር ከፊልሙ ይርቃል። ጥርት ብሎ የሚታየውን የመጨረሻ ርቀት ለማወቅ የሌንሱ ርዝመት በራሱ ተባዝቶ ለትርፉ ይካፈላል፤ በውጤቱ ላይም የሌንሱ ርዝመት ይደመራል፦ 80 × 80 ÷ 10.85 + 80 = 670 ሚሊ ሜትር ገደማ። ስለዚህ በ67 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለ አበባ ይጠራል፤ ተራራው ግን ሌንሱ የቱንም ያህል ቢዞር ብዥ እንዳለ ይቀራል።

በዚሁ ስሌት በትክክለኛው አቅጣጫ የተሠራ አዳፕተር እንኳ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢወፍር፣ ሌንሱ ትርፍ ማስተካከያ ከሌለው፣ የመጨረሻው ርቀት 64 ሜትር ገደማ ይሆናል። የብርሃን ቀዳዳውን ማጥበብ ስህተቱን በከፊል ይሸፍናል። ቀለበቱ በጥቂቱ ቢሳሳ ሩቁን ማጥራት ይቻላል፤ በሌንሱ ላይ የተጻፈው የርቀት ቁጥር ግን አይታመንም።

መዝጊያና የብርሃን ቀዳዳ

ፔንታኮን ሲክስና ማሚያ 645 መዝጊያቸው በካሜራው ውስጥ፣ ከፊልሙ ፊት ለፊት ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣው የሐሰልብላድ 500ሲ ዋና መዝጊያ ግን በሌንሱ ውስጥ ይገኛል። የ500ሲ ሌንስ በማሚያ 645 ላይ ሲገጠም የራሱ መዝጊያ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። መዝጊያ የሌለው ሌንስ በ500ሲ ላይ ቢገጠም ፈጣን መዝጊያ አይኖርም።

ቀለበቱ አብዛኛውን ጊዜ የብርሃን ቀዳዳውን ከካሜራው ጋር አያገናኝም። አንሺው ቀዳዳውን ሰፊ አድርጎ ካጠራ በኋላ በእጁ ያጠበዋል።

የምስሉ ስፋት

ሌንሱ የሚሠራው ክብ ምስል የፊልሙን ማዕዘኖች መሸፈን አለበት። የ6×4.5 ፍሬም ሰያፍ 70 ሚሊ ሜትር፣ የ6×6 ደግሞ 79 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለ6×6 የተሠራ ሌንስ ለ6×4.5 ይበቃል፤ በተቃራኒው ሲሆን ማዕዘኖቹ ሊጨልሙ ይችላሉ።

ፍተሻ

120 ፊልም በ6×6 የሚሰጠው 12 ፎቶ ብቻ ስለሆነ አዳፕተር የሚፈተሸው ፊልም ከመጉረሱ በፊት ነው። ሌንሱ የካሜራውን መስታወት እንዳይነካ ከተረጋገጠ በኋላ በመመልከቻው ሩቅ ሸንተረር ይታያል። ሸንተረሩ ካልጠራ ጥፋቱ የዓይን ሳይሆን የርቀቱ ነው፤ ያ ቀለበት ለቅርብ ፎቶ ብቻ ያገለግላል።