ቁስሉ ሻረ የሚባለው መቼ ነው?

አብዛኛው ቁስል ማንም ሳይነካው ይጠግጋል። የቁስል ሕክምናን መመዘን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ማር የቀባውም፣ ከፋርማሲ ቅባት የገዛውም፣ በጨው ውኃ እያጠበ የጠበቀውም ከሳምንታት በኋላ ሲድን ያመሰገነው የተጠቀመበትን ነገር ነው። ያዳነው መድኃኒቱ ይሁን የገዛ ቆዳው ከአንድ ሰው ታሪክ አይታወቅም። ለማወቅ ተመሳሳይ ቁስል ያላቸው ብዙ ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሹ አዲሱን ሕክምና፣ ግማሹ የተለመደውን እያገኘ ለእኩል ጊዜ መታየት አለባቸው።

ጎን ለጎን ማስተያየት ምን ያህል የቆየ እምነት ሊገለብጥ እንደሚችል በ1962 እ.ኤ.አ. ታይቷል። በእንግሊዝ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ዊንተር በአሳማዎች ቆዳ ላይ ጥልቀት የሌላቸው ቁስሎች አበጅቶ ከፊሎቹን ለአየር ክፍት ተዋቸው፤ ከፊሎቹን በስስ ፕላስቲክ ሸፈናቸው። ቁስል ንፋስ አግኝቶ ይድረቅ የሚለው ምክር ያኔ የብዙዎች እምነት ነበር፤ ዛሬም በየቤቱ ይሰማል። ይሁንና አዲስ ቆዳ በእጥፍ ገደማ ፈጥነው ያበቀሉት የተሸፈኑት ሆኑ። ክፍት በተተወው ቁስል ላይ ደረቅ ቅርፊት ስለሚጋገር አዲሱ ቆዳ ከሥሩ መንገድ እየፈለገ ለማለፍ ይገደዳል። እርጥበቱ በተጠበቀው ላይ ግን ያለ ችግር ይስፋፋል።

አሳማ ላይ ያለ አዲስ ጭረት አንድ ነገር ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ለወራት የቆየ ቁስል ደግሞ ሌላ። እዚህ ልኬቱ ራሱ ያከራክራል። ብዙ ክሊኒኮች ርዝመቱንና ወርዱን በማስመሪያ ለክተው ያባዛሉ። 4 ሴንቲ ሜትር በ3 የሆነ ሞላላ ቁስል በዚህ ስሌት 12 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ እውነተኛ ስፋቱ ግን 9.4 ገደማ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄ የሚያደርጉ ተመራማሪዎች የቁስሉን ጠርዝ በብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ ይስላሉ፣ ወይም ፎቶ አንስተው ማን የትኛውን ሕክምና እንዳገኘ ለማያውቅ ባለሙያ ይሰጣሉ። ተስፋ ያደረገ ዓይን ያልዳነውን የዳነ አድርጎ ሊያይ ይችላልና።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2006 ያወጣው መመሪያ ጥብቅ ነው። ቁስል ሙሉ በሙሉ ተዘጋ የሚባለው ቆዳ ከለበሰ፣ ፈሳሽ ካቆመ፣ መሸፈኛ ካላስፈለገው፣ ይህም በሁለት ሳምንት ልዩነት በተደረጉ ሁለት ተከታታይ ምርመራዎች ከተረጋገጠ ነው። ዛሬ ደርቆ በሳምንቱ የሚያገረሽ ቁስል አይቆጠርም።

እንዲህ ባለ ጥብቅ ወንፊት የተፈተኑ ሕክምናዎች ብዙዎችን አስደንግጠዋል። በብሪታንያ 213 የእግር ቁስለኞች የተሳተፉበትና በ2009 የታተመ ጥናት የብር ማዕድን ያለበትን ውድ ፋሻ ብር ከሌለበት ጋር አነጻጸረ፤ በ12 ሳምንት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 59.6፣ ከሁለተኛዎቹ 56.7 በመቶ ዳኑ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው። ማርም በኒውዚላንድ በ368 ሰዎች ተፈትኖ በመዳን ረገድ ግልጽ ብልጫ አላሳየም።

ከሁሉ የሚያስተምረው የትሎቹ ጥናት ነው። በሕክምና ቦታ በንጽሕና ያደጉ የዝንብ እጮች የሞተውን ሥጋ ይበላሉ፤ ቁስል ለማጽዳት ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። በ2009 ውጤቱ የታተመውና 267 ታካሚዎችን ያቀፈው የእንግሊዝ ጥናት ይህን አረጋገጠ፦ ነጻ የተለቀቁት እጮች ቁስሉን በ14 ቀን አካባቢ ሲያጸዱ፣ በተለመደው ጄል 72 ቀን ገደማ ፈጀ። ሆኖም ቁስሉ ለመሻር የወሰደው ጊዜ አልተለየም፤ ሕመሙ ደግሞ በእጮቹ ባሰ። ማጽዳትን ብቻ የለካ ተመራማሪ ትሎቹን አሸናፊ ይል ነበር። ምን እንደሚለካ ሲወሰን ለማን እንደሚለካም አብሮ የሚወሰነው ለዚህ ነው።

ይህን ጥያቄ በቅጡ ከጠየቁት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በምሥራቅ ጎጃም ነው። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ቆዳውን ይሰነጣጥቃል፤ በየጊዜውም እግሩ በድንገት እያበጠና እየጋለ፣ ትኩሳት ይዞ ሰውየውን አልጋ ላይ ይጥለዋል። ተመራማሪዎቹ በዋናነት የቆጠሩት ይህን ሕመም ነው። ገበሬውን ከማሳው የሚያስቀረው እሱ ስለሆነ ምርጫቸው ትክክል ነበር።

በዕጣ ከተመደቡት 696 ሰዎች 350ዎቹ ወዲያው ሕክምና ጀመሩ፦ በሳሙና መታጠብ፣ ፀረ ተሕዋስያን ባለው ውኃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት፣ ለሚያስፈልገው ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ። ሕመሙ የተነሳባቸውን ቀናት ታካሚዎቹ እየመዘገቡ፣ ሠራተኞች በየወሩ ቤታቸው እየሄዱ ያረጋግጡ ነበር። በ2018 በታተመው ውጤት ሕመሙ ሕክምና ባላገኙት ላይ በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲነሳ፣ በታከሙት ላይ 19.4 ጊዜ ሆነ። ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ፈጠራ አልነበረም፤ ሳሙና፣ ቅባትና ጫማ ነው። በአንድ ሰው ላይ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የሚሆን መውደቅ ቀነሰ ማለት ነው።

ከጥቅሉ ውስጥ የትኛው የበለጠ እንደሠራ፣ ሳሙናው ይሁን ጫማው፣ ጥናቱ አይለይም፤ ሁሉም አንድ ላይ ስለተሰጡ። በተጠባባቂነት የተመደቡት 346 ሰዎች ደግሞ ከ12 ወር በኋላ ያንኑ ሕክምና እንዲያገኙ ዕቅዱ ከመጀመሪያው ተይዞላቸው ነበር።