ቤተሰብ ሲተኛ ነቅቶ የሚያድር ጭስ ጠቋሚ

የረመዳን ወር ሲገባ የቤት ውሎና አዳር ይለወጣል። ቀን ጸጥ ብሎ የሚውለው ወጥ ቤት ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ይሟሟቃል። ሾርባው ይንተከተካል፣ ሳምቡሳው በጋለ ዘይት ይጠበሳል። ከኢፍጣር በኋላ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ከተራዊሕ መልስ ትንሽ ሸለብ ተደርጎ ለሱሑር ምድጃው እንደገና ይለኮሳል። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ደግሞ የሌሊቱ ድካም ተጠራቅሞ ሁሉም ወደየመኝታው ይሄዳል።

በአጭሩ ረመዳን ምድጃ ከሌላው ጊዜ ለበለጠ ሰዓት የሚነድበት፣ የቤቱ ሰው ደግሞ እንቅልፍ የሚያጥረው ወር ነው። ድስት ጥዶ መተኛት፣ ፍሙን ሳያጠፉ ጋደም ማለት በዚህ ወር ይቀላል። በቤት ቃጠሎ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚሞተው ነበልባል ነክቶት ሳይሆን ጭስ አፍኖት ነው። የተኛ ሰው ጭሱ በሽታው ይቀሰቅሰኛል ብሎ መተማመን አይችልም። ስለዚህም በቤቱ ውስጥ የማይተኛ አንድ ጠባቂ ያስፈልጋል። ይህ ጠባቂ ጭስ ጠቋሚ ወይም ብዙዎች እንደሚሉት ስሞክ ዲቴክተር ነው።

ሲተኙ እሳትን ማጥፋት

ጉዳዩ ለሙስሊም ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። አቡ ሙሳ አል አሽዐሪ ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ በመዲና አንድ ቤት ሰዎች በውስጡ እያሉ በሌሊት መቃጠሉ ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ተነገራቸው። እርሳቸውም እሳት ለሰው ልጅ ጠላት መሆኑን አስታውሰው፣ ሰዎች ሲተኙ እንዲያጠፉት አዘዙ። በሌላ ሐዲስ ደግሞ ከመኝታ በፊት መብራት እንዲጠፋ መክረዋል። ምክንያቱንም ሲያስረዱ አይጥ የመብራቱን ክር ጎትታ ቤቱን በነዋሪዎቹ ላይ ልታቃጥል እንደምትችል ተናግረዋል።

የዘይት መብራቱ ዛሬ በአምፖል ቢተካም የትእዛዙ ቁም ነገር አልተለወጠም። ከመተኛት በፊት ምድጃውን ማጥፋት፣ የጋዙን ሲሊንደር መዝጋት፣ ምጣዱን ከሶኬት መንቀል የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው። ጭስ ጠቋሚ የሚጠቅመው ይህ ሁሉ ተደርጎ አንድ ነገር ሲረሳ፣ ወይም እሳቱ ከማይጠበቅ ቦታ ሲነሳ ነው።

ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም በሎንዶን የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። ወሩ ረመዳን ነበር። ባለ 24 ፎቁ ግሬንፌል ታወር ውስጥ እሳቱ የተነሳው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ በአንድ ቤት ወጥ ቤት ከነበረ ማቀዝቀዣ ነው። የዚያን ቤት ነዋሪ ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ለእሳት አደጋ እንዲደውል ያደረገው የጭስ ጠቋሚው ጩኸት ነበር። ሆኖም እሳቱ ሕንፃው በውጭ በተለበጠበት ተቀጣጣይ ቁስ አማካይነት ወደ ላይ ተዛምቶ 72 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ይገኙበታል። በረመዳን ምክንያት ያልተኙ ሙስሊም ነዋሪዎች የጎረቤቶቻቸውን በር እያንኳኩ እንደቀሰቀሱ በጊዜው ብዙ ተዘግቧል። እርግጥ ነው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ ጭስ ጠቋሚ አንድን ሙሉ ሕንፃ ከእሳት አያድንም። በውስጡ ለተኛው ሰው ግን የመውጫ ደቂቃዎችን ይሰጠዋል።

ሁለቱ ዓይነቶች

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በብርሃን ይሠራል። በውስጡ ያለው ጨረር ጭስ ሲገባ ይበተንና ደወሉን ያስነሳል። ቀስ ብሎ የሚጤስን እሳት፣ ለምሳሌ ፍም የወደቀበትን ፍራሽ ወይም ምንጣፍ፣ ቶሎ የሚያውቀው ይህ ነው። ሁለተኛው አሜሪሲየም በተባለ እጅግ አነስተኛ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚሠራ ሲሆን ቦግ ብሎ ለሚነድ እሳት ፈጣን ነው። ነገር ግን በምግብ ማብሰያ ጭስ ሳይቀር በቀላሉ ይጮኻል። መጥበስና መቁላት ለሚበዛበት ቤት በብርሃን የሚሠራው የተሻለ ነው። ሁለቱን አጣምረው የያዙም አሉ።

ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ መሣሪያው የሚሰቀለው ኮርኒስ ላይ ነው። ግድግዳ ላይ ከሆነ ከኮርኒሱ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ማለት የለበትም። በየመኝታ ክፍሉ፣ ወደ መኝታ በሚወስደው ኮሪደር፣ ፎቅ ቤት ከሆነም በየፎቁ እንዲኖር ይመከራል። አቅም የሚፈቅደው አንድ ብቻ ከሆነ መኝታ ክፍሎቹ አጠገብ ይሰቀል።

ባትሪው ለምን ይነቀላል?

በዋሽንግተንም ይሁን በስቶክሆልም ያሉ ወገኖቻችን የሚከራዩት ቤት ብዙውን ጊዜ ጭስ ጠቋሚ ተገጥሞለት ነው የሚጠብቃቸው። በአዲስ አበባም በአዳዲስ አፓርታማዎች ኮርኒስ ላይ መታየት ጀምሯል። በእኛ ቤት የመሣሪያው ትልቁ ጠላት ራሱ ሙያችን ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ ይጮኻል፣ ቡና ሲቆላ ይጮኻል፣ ዕጣን ሲጨስ ይጮኻል። እንግዳ ተጠርቶ ኢፍጣር በሚጠበቅበት ሰዓት ሲጮኽ ደግሞ አንዱ ወንበር ላይ ይወጣና ባትሪውን ይነቅላል፣ ወይም በፌስታል ይሸፍነዋል። ‹‹በኋላ እንመልሰዋለን›› ይባላል። ወሩ ያልቃል፣ ዒድ ያልፋል፣ ባትሪው ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

በአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር መረጃ መሠረት በቤት ቃጠሎ ከሚሞቱ አምስት ሰዎች የሦስቱ ያህል ሕይወት የሚያልፈው ጭስ ጠቋሚ በሌለበት ወይም ቢኖርም በማይሠራበት ቤት ነው። መሣሪያው ኖሮ ላለመሥራቱ ዋናው ምክንያትም ባትሪው መነቀሉ፣ መላቀቁ ወይም ማለቁ ነው።

መፍትሔው ባትሪውን ሳይነኩ ጩኸቱን መቀነስ ነው። መሣሪያው ከምድጃው ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። በብዙዎቹ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ዝም የሚያሰኝ ቁልፍ አለ፤ ከእሳት እንዳልሆነ ካረጋገጡ በኋላ እርሱን ይጫኑት። ከመጥበስ በፊት መስኮት ይከፈት፣ የወጥ ቤቱ በር ይዘጋ። ቡናውን በረንዳ አጠገብ መቁላት፣ ማጨሻውንም ከመሣሪያው ሥር ማራቅ ይቻላል። ለወጥ ቤቱ ራሱ ጭስን ሳይሆን ሙቀትን የሚለይ ሌላ ዓይነት መሣሪያ አለ፤ የሽንኩርት ቁሌት አያስጮኸውም።

ጨረቃ በታየች ቁጥር

መሣሪያው በወር አንድ ጊዜ መፈተሽ አለበት። ለዚህ ከአዲስ ጨረቃ የተሻለ አስታዋሽ አይገኝም። አዲስ ወር ሲገባ የመፈተሻ ቁልፉን ተጭኖ ጩኸቱን መስማት በቂ ነው። ድምፁ ከደከመ ወይም ከጠፋ ባትሪው ይቀየር።

ተለዋጭ ባትሪ ያለው መሣሪያ በዓመት አንድ ጊዜ አዲስ ይገባለታል። ይህንንም ከረመዳን ዝግጅት ጋር ማያያዝ ይቻላል። የሂጅራ ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር፣ በየረመዳኑ ባትሪ የሚቀይር ቤተሰብ አንድ ዓመት አያሳልፍም። በየደቂቃው ገደማ ‹‹ጢው›› የሚል አጭር ድምፅ ከተሰማ ባትሪው እያለቀ ነውና የረመዳንን መምጣት አይጠብቁ። ባትሪው የታሸገበት ዓይነት ከሆነ መሣሪያው በሙሉ ይቀየራል።

አቧራና የሸረሪት ድር ጭሱ እንዳይገባ ስለሚከለክል በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ወይም በአቧራ መጥረጊያ ማሽን ይጽዳ። ውኃና ሳሙና አይነካውም፤ ቤት ሲቀባም ቀለም አይቀባም። በአዲስ ሕንፃ ላይ በግንባታ ጊዜ የተሸፈነበት ፕላስቲክ ተረስቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ከሕንፃው ማዕከል ጋር በሽቦ የተያያዘ ከሆነ ግን ራስዎ አይፍቱት፤ ለሕንፃው አስተዳደር ይንገሩ። በመጨረሻም ጀርባው ላይ የተጻፈውን የምርት ቀን ያንብቡ። 10 ዓመት የሞላው ጭስ ጠቋሚ ቁልፉን ሲጫኑት ቢጮኽም መለወጥ አለበት።

የማይሸተው ገዳይ

ጭስ ጠቋሚ የማያውቀው አንድ አደጋ አለ። ፍም ሆኖ ጭሱ የጠፋ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል የተኙትን እንደተኙ ይገድላል። በአገራችን ለሙቀት ተብሎ የገባ የከሰል ምድጃ ስንት ቤት አሳዝኗል። የቡናው ከሰልም ሆነ የማጨሻው ፍም ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ። ይህን ጋዝ የሚለይ ራሱን የቻለ ጠቋሚ ስላለ መሣሪያ ሲገዙ የትኛውን እንደሚለይ ማሸጊያው ላይ ያረጋግጡ።

ሲጮኽ ምን ይደረጋል?

የሚጠበሰው ዘይት ከተቀጣጠለ ውኃ ፈጽሞ አይደፋበት፤ ውኃው ነበልባሉን ይረጨዋል። የሚቻል ከሆነ ምድጃውን አጥፍቶ መጥበሻውን በክዳን መግጠም፣ እስኪቀዘቅዝም አለመክፈት ነው። እሳቱ ከዚህ ካለፈ ዕቃ ለማትረፍ መዘግየት አይገባም። ጭስ ባለበት ዝቅ ብሎ መውጣት፣ በሩን ከኋላ መዝጋትና በሊፍት ፈንታ በደረጃ መውረድ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 ይጠራል።

እንቅልፋቸው የከበደ ሕፃናት ደወሉ እየጮኸ ሊተኙ ይችላሉ። ጆሯቸው የደከመ አያቶችም ላይሰሙት ይችላሉ። ስለዚህ ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ፣ ውጭ የት እንደሚገናኙ ቤተሰቡ አስቀድሞ ይነጋገር። ሁሉም በአንድ ማዕድ ዙሪያ የሚሰበሰብበት የኢፍጣር ሰዓት ለዚህ ይመቻል። ከተምሩና ከሾርባው በኋላ ቁልፉን አንድ ጊዜ መጫን፣ ልጆቹም ድምፁን እንዲለምዱ ማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለብቻቸው የሚኖሩ አረጋዊ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካሉም አንድ ጭስ ጠቋሚ ገዝቶ መስቀልና በየወሩ መፈተሽ የረመዳን በጎ ሥራ ነው።