እየበሉ መክሳት

አንድ ሰው ከወትሮው አብልጦ እየበላና እየጠጣ፣ ሌሊትም ለሽንት ደጋግሞ እየተነሣ፣ ሰውነቱ ከቀን ወደ ቀን ሲመነምን ባየነው ጊዜ አንዳንዱ «ቡዳ በልቶት ነው» ይላል፤ ሌላውም «ሐሳብ ጎድቶት ነው» ይላል። ነገር ግን እነዚህ ምልክቶች አንድ ላይ ሲታዩ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው የስኳር በሽታ ነው። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ለጡንቻ ሁለት አገልግሎት ይሰጣል። አንደኛው በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ጡንቻ ገብቶ ኀይል እንዲሆን በሩን መክፈት ነው። ሁለተኛውም ጡንቻ የተሠራበት ፕሮቲን ከመጠን በላይ እንዳይፈርስ መጠበቅ ነው። እንግዲህ ኢንሱሊን እጅግ ባነሰ ጊዜ ስኳሩ በደም ውስጥ ተትረፍርፎ ሳለ ጡንቻው ይራባል። ጠባቂም ስለሌለው ፕሮቲኑ አሚኖ አሲድ ወደሚባሉት ክፍሎቹ ይፈርሳል፤ እነዚህም በደም ተጉዘው ጉበት ሲደርሱ ጉበት ከእነርሱ እንደ ገና ስኳር ይሠራል። ያም ስኳር ከቀድሞው ጋር ተደምሮ በሽንት ይፈሳል። ነገሩ የማገዶ ክምር በደጁ ሳለ፣ በሩ ተቆልፎበት የገዛ ቤቱን ምሰሶ እየነቀለ እንደሚያነድ ሰው ነው።

በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ ይህን ደዌ ሥጋ ቀልጦ በሽንት እንደሚወርድበት አድርጎ ገልጾት ነበር። መድኃኒቱ ግን እጅግ ዘግይቶ ተገኘ። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ሊዮናርድ ቶምሶን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ክብደቱ 30 ኪሎ እንኳ ሳይሞላ ለሞት ተቃርቦ ሳለ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥር ወር 1922 ዓ.ም. የተጣራ ኢንሱሊን ተወጋ። ልጁም አገገመ፤ ከዚያ በኋላም 13 ዓመት ኖረ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ ከቤተ ሰብህ እየበላ የሚከሳ፣ እየጠጣ የሚጠማ ሰው ቢኖር፣ ይልቁንም ሕፃን ቢሆን፣ ነገ ዛሬ ሳትል ደሙን አስመርምር። የኢንሱሊን መርፌ የታዘዘለትም ሰው «ዛሬ ታምሜ እህል አልቀመስኩም» በማለት ሐኪም ሳያማክር መርፌውን ከቶ አያቋርጥ፤ ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣልና። በጎልማሳነት በሚጀምረው ዓይነት የሚሠቃየው ደግሞ ጡንቻው ቀስ በቀስ እንዳይሳሳ፣ መድኃኒቱን ሳያጓድል ሐኪሙ በፈቀደለት መጠን ሰውነቱን ያንቀሳቅስ። በሽተኛው የከሳው እህል አጥቶ አይደለም፤ የበላው ወደ ጡንቻው የሚገባበት በር ስለ ተዘጋ ነው እንጂ። በሩ የሚከፈተውም በሐሜት ሳይሆን በሕክምና ነው።