ደጋውና ተማሪው አብራሪ

ከቢሾፍቱ ማሠልጠኛ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያቀና ትንሽ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ሲበር ከመንዝ ደጋ ይደርሳል። በስተምዕራብ የጀማና የወንጪት ወንዞች በጥልቅ ሸለቆ እየወረዱ መርሐ ቤቴን ከጎረቤቶቹ ይለያሉ፤ በስተምሥራቅ ምድሪቱ ተቈርጣ ወደ ይፋትና ወደ አፋር ቈላ ትወርዳለች፤ በመካከሉ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር 3,000 ሜትር በሚደርስና በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተዘርግተው፣ ወደ ጓሳና ወደ ግሼ በቀረቡ ቍጥር ቀስ እያሉ ከፍ ይላሉ፤ በስተመጨረሻም 4,000 ሜትር የሚጠጋው አቡዬ ሜዳ ይታያል። ይህ አገር ከሰማይ ለሚመለከተው ሰው እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ገና በረራን በመማር ላይ ላለ ወጣት ከዚህ ይልቅ ተንኰሉን ሸሽጎ የሚጠብቅ ምድር ማግኘት ያስቸግራል።

የመንዝና የመርሐ ቤቴ ሰው አውሮፕላንን በመጀመሪያ ያወቀው በጠላትነቱ ነው። በአምስቱ የኢጣልያ ወረራ የመከራ ዓመታት፣ ራስ አበበ አረጋይና ሌሎችም የሸዋ አርበኞች በየገደሉና በየዋሻው ሲዋጉ፣ ከላይ የሚመጣው ድምፅ የቦምብና የመርዝ ምልክት ነበር። ከነጻነት በኋላ ግን መንግሥት ያንኑ የሰማይ ኃይል የራሱ ገንዘብ ለማድረግ ቈረጠ። በ1927 ዓ.ም. መጥቶ በጦርነቱ ዘመን የኢትዮጵያን የአየር ክፍል የመራው ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ የኢትዮጵያን ልጆች በረራ ማስተማር ጀመረ። በግንቦት 1939 ዓ.ም. ደግሞ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ሳፊር በተባለች ትንሽ አውሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥቶ፣ በመካከል ሳያርፍ 31 ሰዓት ገደማ በርሮ፣ ከ6,200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ አቋርጦ አዲስ አበባ ገባ፤ በዚያ ዘመንም የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል በስዊድናውያን መምህራን በቢሾፍቱ ተደራጀ። ሳፊር የተማሪዎች መለማመጃ ሆነች፤ ሳብ 17 የተባሉት ቦምብ ጣዮችም ተከተሉ፤ ከ1945 ዓ.ም. የአሜሪካ ስምምነት በኋላ ቲ-28ና ቲ-33 መጡ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ኤፍ-86 የተባለው የጄት ተዋጊ ደረሰ።

በማሠልጠኛ ላይ አውሮፕላን በወደቀ ጊዜ በሕዝባችን አፍ ላይ የሚገኘው የመጀመሪያ ቃል «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚል ነው። የሞት ሰዓት በእግዚአብሔር እጅ መሆኑን የሚክድ ሰው በመካከላችን የለም፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን ይህ ቃል ለኀዘንተኛው መጽናኛ እንዲሆን የተሰጠ እንጂ ለመርማሪው መልስ እንዲሆን የተሰጠ አይደለም፤ ምክንያቱ ከሟቹ ጋር አብሮ የተቀበረ እንደ ሆነ፣ በዚያው ምክንያት የሚሞት ሌላ ወጣት ከኋላው ተሰልፎ ይጠብቃል። ስለዚህ አንባቢው ነገሩን በርጋታ እንዲመረምረው፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ አየሩ እናገራለሁ።

አየር ወደ ላይ በወጡ ቍጥር ይሳሳል። በቢሾፍቱ፣ ይኸውም በ1,900 ሜትር ገደማ፣ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት እጅ አራት እጅ ያህል ብቻ ነው፤ በመንዝ 3,000 ሜትር ላይ ከአራት እጅ ሦስት እጅ እንኳ አይሞላም፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይብስ ይሳሳል። አውሮፕላን በዚህ በአንድ ነገር ሦስት ጊዜ ይጎዳል፤ ሞተሩ የሚያቃጥለው አየር ስለሚያንሰው ይደክማል፣ ክንፉ የሚደገፍበት አየር ስለሚጎድለው ማንሣት ይቸግረዋል፣ ፕሮፔለሩም የሚይዘው አየር ስለሌለው፣ ጥቁር አፈር የለመደ ማረሻ አሸዋ ላይ ሲያርፍ እንደሚንሸራተት፣ መጎተት ያቅተዋል። የመጀመሪያዋ ዓይነት ሳፊር ሞተር 145 የፈረስ ጕልበት ገደማ ነበረው፤ ያው ሞተር በመንዟ ከተማ በመሀል ሜዳ ሰማይ ላይ 100 ከሚሆነው እምብዛም አይበልጥም። በመሀል ሜዳ የተወለደ እረኛ ያን አየር እየተነፈሰ ሲሮጥ ይውላል፤ ደሙና ሳንባው ለምደውታልና። ሞተር ግን ልምድ የሚባል ነገር የለውም፤ በሰው እጅ የተሠራ እንደ መሆኑ፣ መቶ ጊዜ ወደ ደጋ ቢወጣም በመቶ አንደኛው ጊዜ ያው ድካም ያገኘዋል።

እዚህ ላይ የምድሩ ተንኰል ይጨመራል። ገደል ከፊት ለፊት የቆመ እንደ ሆነ ተማሪው አይቶ ይሸሻል፤ የመንዝ ምድር ግን ወደ ሰሜን ሲሄዱ ቀስ ብሎ ከፍ ስለሚል፣ አብራሪው በአንድ ከፍታ ላይ ጸንቶ የሚበር እየመሰለው ምድሪቱ ወደ እርሱ ትቀርባለች። የገብሱ ማሳና የድንጋዩ ቤት እየተለቀ መምጣቱን ባየ ጊዜ እጁ የሚያደርገውን ነገር በቅርብ እንመልከት። ተማሪው መሪውን ወደ ሆዱ ይስባል፤ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፤ ደካማው ሞተር ግን ያን አቀበት ሊወጣው ስለማይችል ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ተማሪውም መውጣቱ እንደ ዘገየ አይቶ አብዝቶ ይስባል። ክንፉ ከአየሩ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ልክ ባለፈ ጊዜ፣ በክንፉ ላይ ይፈስ የነበረው ነፋስ ተለይቶ ይበተናል፤ ክንፉም በቅጽበት ማንሣቱን ይተዋል። አብራሪዎች ይህን ስቶል ይሉታል። አንዱ ክንፍ ከሌላው ቀድሞ የተወ እንደ ሆነ አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ይወርዳል፣ እርሱም ስፒን ይባላል። የስቶል መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መሪውን ወደ ፊት መግፋት፣ ማለትም ወደሚፈራው ወደ ምድሩ ራሱ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ማቅናት ነው። ይህ ከሰው ተፈጥሮ ጋር የሚጣላ ሥራ ስለ ሆነ፣ መምህሩ በሳፊር ውስጥ ከተማሪው ጎን ተቀምጦ፣ ሁለተኛውን መሪ ይዞ፣ ከፍ ባለ ሰማይ ላይ ደጋግሞ ያስተምረው ነበር፤ ዝቅ ባለ ጊዜ ግን ትምህርቱን የሚያውቅ ሰው እንኳ የሚፈጽምበት ከፍታ አያገኝም።

ከዚህ የማያንስ ሌላ ምሥጢር አለ። የፍጥነት መሣሪያው የሚለካው የአየሩን ግፊት ስለ ሆነ፣ በ3,000 ሜትር ላይ 140 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባነበበ ጊዜ አውሮፕላኑ በእርግጥ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ስለዚህም አብራሪው ቢሾፍቱ ላይ እንደ ለመደው በዚያው ንባብ፣ በዚያው የክንፍ ዘንበል ቢዞር፣ በባሕር ጠረፍ ከሚያስፈልገው ቦታ ሲሶ ያህል የሚበልጥ ቦታ ይፈጃል። ከጀማ ሸለቆ ገብቶ ገደሉን እያየ ለመመለስ የፈለገ ወጣት፣ ሸለቆው የሚበቃው መስሎት ዞሮ፣ በእኩሌታው ላይ ግድግዳው ቀርቦ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ዙሩን ለማጥበብ መሪውን ይስባል፤ ከዚያም ቀደም ብለን የተናገርነው ስቶል ይከተላል። ብዙ ጊዜ ለአንድ አደጋ አንድ ምክንያት ይፈለጋል፤ ነገር ግን እንዲህ ተያይዘው የሚመጡ ሦስትና አራት ትንንሽ ምክንያቶች ናቸው ሰውን የሚገድሉት።

ጉምም ሌላ አደጋ ነው፤ ወደ ቈላው በሚወርደው ጣርማ በር ላይ በመኪና ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከቈላው የሚወጣው እርጥብ አየር ገደሉን ተደግፎ ሲነሣ ይቀዘቅዝና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መንገዱን፣ ዛፉን፣ ከፊት የሚሄደውን በቅሎ ሁሉ ይሸፍናል። ሰው በጉም ውስጥ ቆሞ ላይና ታችን የሚለየው በእግሩ ነው፤ በአየር ላይ ያለ አብራሪ ግን እግሩ ከምድር ተለይቷል፤ በውስጠኛው ጆሮ ያለው ፈሳሽም ቀስ ያለውን መዞር ስለማይነግረው ወደ ጎን እየወደቀ ሳለ ቀጥ ያለ ይመስለዋል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1954 የአሜሪካው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ በመሣሪያ ብቻ መብረርን ያልተማሩ 20 ሰዎችን ውጭውን እንዳያዩ ጋርደው በአየር ላይ ሲፈትኑ፣ ሁሉም አውሮፕላኑን መግዛት አቃታቸው፤ አማካዩ ጊዜ 178 ሰከንድ፣ ማለት ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ነበር። እንግዲህ ለተማሪ «ጉም ከመግባትህ በፊት ተመለስ» የሚለው ትእዛዝ የፈሪ ምክር ሳይሆን በቍጥር የተፈተነ ሕግ ነው።

ይህ ሁሉ የደሀ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስል የእንግሊዝን ነገር መጥቀስ ይገባል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሜቴዎር የሚባለውን ባለ ሁለት ሞተር ጄት በአገልግሎቱ ዘመን 890 ያህል አጥፍቷል፤ 450 አብራሪዎችም ሞተውበታል፤ በ1953 እ.ኤ.አ. ብቻ የወደቁት 145 ነበሩ። በሰላም ዘመን፣ ጠላት በሌለበት ሰማይ! ምክንያቱን ስመለከት ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፦ ተማሪው አንዱ ሞተር ቢጠፋ በሌላው እንዲመለስ ለማስተማር ሲባል ሆን ተብሎ አንዱ ሞተር ይጠፋ ነበር፤ በዝቅተኛ ፍጥነት ግን የቀረው ሞተር አውሮፕላኑን ወደ ጎን ገፍቶ ይገለብጠው ስለ ነበር፣ ከአደጋው ለማዳን የታሰበው ልምምድ ራሱ የብዙዎች መሞቻ ሆነ። ደግሞም የፍጥነት መግቻው ተዘርግቶ ሳለ መንኰራኵሩ ሲወርድ አውሮፕላኑ በድንገት አፍንጫውን ወደ ምድር ይደፋ ነበር፤ ለመምህርና ለተማሪ በተሠራው ዓይነት ውስጥ ደግሞ አብራሪውን አስፈንጥሮ የሚያወጣ መቀመጫ አልነበረም። ባለጸጋው መንግሥትና የጠለቀው ዕውቀት ይህን ሁሉ የተማሩት በልጆቻቸው ሕይወት ነው።

በእኛም አገር መምህራኑ ራሳቸው ከመከራው አልዳኑም። ጆን ሮቢንሰን በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ለአንድ ሕመምተኛ ደም ለማድረስ ስቲንሰን በተባለች ትንሽ አውሮፕላን ሲበር አዲስ አበባ ላይ ወደቀ፤ አብሮት የነበረው ኢጣልያዊ መሐንዲስም ሞተ፤ ሮቢንሰን ከደረሰበት ጕዳት ሳይድን መጋቢት 18 ቀን ዐረፈና ጉለሌ ተቀበረ። ይህ ሰው ከጦርነቱ እሳት መካከል በሕይወት ወጥቶ፣ በሰላም ዘመን፣ በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የሌላውን ሰው ነፍስ ለማዳን ሲሮጥ ማለፉን ባሰብሁ ጊዜ ሁሉ፣ ስሙ ለየት ያለ ክብር የሚገባው ይመስለኛል። ወጣቱ ትውልድ በሚገባ አያውቀውም፤ ይህም ያሳዝነኛል።

የወፎችን ነገር በአጭሩ አልፋለሁ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ ሁለቱንም ሞተሮቹን መትቶት በወደቀ ጊዜ 35 ሰዎች ሞተዋል፤ በኅዳር 1966 ዓ.ም. ደግሞ በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ አንድ ጥንብ አንሣ በ11,000 ሜትር ገደማ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። የመንዝ ገደል የጥንብ አንሣ ማደሪያ ስለ ሆነ፣ ጠዋት ፀሐይ ገደሉን አሙቃ ነፋሱ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር እነዚህ ወፎች በዚያው ነፋስ ላይ እንደሚንሳፈፉ ተማሪው ማወቅ ይገባዋል።

በአየር ጓዶች ዘንድ የአደጋ መርማሪ የመጀመሪያ ሥራው በደለኛውን መያዝ ሳይሆን የሆነውን ነገር በቅደም ተከተሉ ማስፈር ነው፤ ሰዓቱን፣ ከፍታውን፣ ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ የተጫነውን ክብደት፣ ተማሪው ስንት ሰዓት እንደ በረረና ከመነሣቱ በፊት መምህሩ ምን እንዳዘዘው። ከቢሾፍቱ ሜዳ ተነሥተው ያልተመለሱት ተማሪዎችና መምህራን ስም፣ ከዚህ ዓይነት ማስረጃና መርማሪዎች ካገኙት ምክንያት ጋር በአንድ መጽሐፍ ተሰብስቦ፣ ከመጀመሪያዎቹ የሳፊር ዓመታት ጀምሮ እስከ ዛሬ፣ ለማሠልጠኛው ተማሪዎችና ልጆቻቸውን ወደዚያ ለሰደዱ ቤተሰቦች በአማርኛ መታተም አለበት።